«ምን አሉ?» በኦክላንድና በሳን ሆዜ ትምህርት ቤቶች ለልጅ አቤት ማለት

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ኦክላንድ የምትኖር፣ ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ማታ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ቤት ካሸር ሆና የምትሠራ አንዲት እህት በዕረፍት ቀኗ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ነገ ከልጄ ትምህርት ቤት ተጠርቻለሁ፤ እባክዎ አብረውኝ ይምጡ» አለችኝ። ለምን እንደተጠራች ብጠይቃት አታውቅም። ከሁለት ሳምንት በፊትም ተጠርታ ነበር። ያን ጊዜ ያስተረጎመላት የ11 ዓመት ልጇ ነው። ርዕሰ መምህሩ ረዘም ላለ ጊዜ ተናገሩ፤ እሷም ወደ ልጇ ዞር ብላ «ምን አሉ?» አለችው። «ምንም አይደለም እማዬ፣ እየተጫወትኩ ወድቄ ነው የተጎዳሁት፣ ሌላ ጊዜ ተጠንቀቅ ነው የሚሉት» አላት። አመስግና፣ እጅ ነስታ ወጣች።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ፋይሉ ሲከፈት ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለካስ በመጀመሪያው ስብሰባ ትምህርት ቤቱ ሲነግራት የነበረው ትልልቅ ልጆች ልጇን መጸዳጃ ቤት ውስጥ እየጠበቁ እንደሚመቱት፣ አንድ መምህር ምልክት አይቶ እንደጠየቀውና ልጁ ግን አልናገርም እንዳለ ነበር። በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብ ትፈልግ እንደሆነም ጠይቀዋት ነበር። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የእሷ መልስ በአንድ መስመር ያለቀ ነው፦ ወላጅ ተነግሯታል፣ የምታነሳው ስጋት የለም። በሕግ ዓይን ይህች እናት ሰምታ፣ ገብቷት፣ ስጋት የለኝም ብላለች ማለት ነው።

ልጁን ለመውቀስ የሚቸኩል አይጠፋም። ዋሽቷል፤ አልክድም። ነገር ግን አንድ የ11 ዓመት ልጅ ተደብዳቢም፣ ምስክርም፣ አስተርጓሚም ሆኖ፣ ከፊቱ ርዕሰ መምህሩ፣ ከጎኑ ሁለት ሥራ ሠርታ ዓይኗ የቀላ እናቱ ተቀምጠው ምን እንዲል ነበር የምንጠብቀው? «እማዬ እንዳታዝን ብዬ ነው» አለኝ በኋላ መኪና ውስጥ። ሁለተኛውን ምክንያት ሳይናገር ገብቶኛል። የሚመቱት ልጆች እንደተናገረ ካወቁ ይብስበታል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ እንደኔ ብዕር እያነሳን የምንሟገት ሰዎች ስለ አገር ቤት ምርጫና ሕገ መንግሥት አንቀጽ እየጠቀስን ሌሊቱን እናነጋለን። ይህም ክፋት የለውም። ግን ልጆቻችን ቀኑን የሚውሉበትን ተቋም ሕግ ስንቶቻችን አንብበናል? እኔ ራሴ ያነበብኩት ከዚያች ስልክ በኋላ ነው፤ አፍሬበታለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ጊዜ የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ወላጆች ሳስተረጉም ያየሁትን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቋንቋው ልጀምር። የካሊፎርኒያ የትምህርት ሕግ ቁጥር 48985 በአንድ ትምህርት ቤት ካሉት ተማሪዎች 15 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ ለወላጅ የሚላክ ማስታወቂያና ደብዳቤ በዚያም ቋንቋ መጻፍ አለበት ይላል። ለስፓኒሽ ተናጋሪው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳን ሆዜ ውስጥ በአንዳንድ ሰፈር ቬትናምኛም ይሞላል። አማርኛ ግን በየትኛው ትምህርት ቤት ነው 15 ከመቶ የሚሞላው? ኦክላንድ ውስጥ በቴሌግራፍ ጎዳና የተደረደሩትን ምግብ ቤቶቻችንን ያየ ሰው ብዙ የሆንን ይመስለዋል። ልጆቻችን ግን በየሰፈሩ ተበትነው በአንድ ክፍል አንድ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አራት አምስት ሆነው ነው የምናገኛቸው። ትግርኛም ኦሮምኛም ያው ዕጣ ነው። በአገር ቤት ፖለቲካ የተለያየን ሰዎች በዚህ ሕግ ፊት አንድ ላይ ከመስመሩ በታች ነን።

ይህ ማለት ግን መብት የለንም ማለት አይደለም። በጥር 1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላው በኒኮልስ ላይ በተባለው መዝገብ የፈረደው ከኦክላንድ ድልድዩን ተሻግሮ ካለው ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ ክስ ነው። ወደ 1,800 የሚጠጉ ቻይንኛ ተናጋሪ ልጆች በማይገባቸው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ፣ ነገሩም በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 የተከለከለ መድልዎ እንደሆነ በአንድ ድምፅ ወሰነ። የመዝገቡ ጭብጥ የልጆቹ ትምህርት ቢሆንም ከዚያ የተነሳው አስተሳሰብ ወደ ወላጆችም ደረሰ። በጥር 2015 የፌዴራሉ የትምህርትና የፍትሕ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ባወጡት ደብዳቤ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መናገር እንዳለባቸውና ለዚህም ተማሪን አስተርጓሚ ማድረግ እንደሌለባቸው አስታወቁ። የቋንቋው ተናጋሪ ብዛት አልተጠየቀም፤ አንድ ወላጅም ወላጅ ነው።

ያ ደብዳቤ በ2025 ተሰርዟል። በዚያው ዓመት መጋቢት የትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ ከ12 የክልል ጽሕፈት ቤቶቹ ሰባቱ እንዲዘጉ ሲደረግ የሳን ፍራንሲስኮው አንዱ ነበር። የ1964ቱ ሕግና የ1974ቱ ፍርድ ግን እንዳሉ ናቸው። የተነሳው ሕጉን የሚያብራራው ወረቀትና በቅርብ ያለው አቤት ባይ ሰሚ ቢሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወላጁ ራሱ ቀድሞ መጠየቅ አለበት። የሚጠየቀው ደግሞ ቀላል ነው፦ ከስብሰባው በፊት በአጭር ኢሜይል «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ ልጄ አያስተረጉምም» ብሎ መጻፍ። አስተርጓሚ በአካል ባይገኝ በስልክ የሚሠሩ አሉ። እንደኔ ያለ ወዳጅ ይዞ መሄድ ለጭንቅ ቀን ይረዳል፤ ነገር ግን እኔ የተማልኩበት የምስጢር ግዴታ የለኝም፣ ነገም በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምንገናኝ ሰዎች ነን። ገመናን የማያውቅህ አስተርጓሚ ቢሰማው ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልለፍ። በጥቅምት 2011 ሳን ሆዜ ውስጥ በኤቨርግሪን የትምህርት ዲስትሪክት ሥር በሚገኘው ኦ.ቢ. ዌይሊ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪና እናቷ ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ቀርበው የክፍሉ መምህር ያደረገውን ተናገሩ። ልጅቷን ለብቻዋ ዓይኗን ሸፍኖ ወለል ላይ አስተኝቷታል፤ ቀሪውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ርዕሰ መምህሯ የሰሙትን በማስታወሻ ጻፉ። መምህሩን ጠርተው ጠየቁት። ማየትና መስማት ስለተሳናት ስለ ሄለን ኬለር ላስተምር ያዘጋጀሁት ልምምድ ነው አላቸው። ከዲስትሪክቱ የሠራተኛ አስተዳደር ጋርም ተነጋገሩ። ለፖሊስ ግን አልደወሉም። በጥር 2012 ያው ሰው ሌላ ልጅ ላይ ወንጀል ፈጸመ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተያዘው። በኅዳር 2012 የሳንታ ክላራ ካውንቲ የዳኝነት ጉባኤ ርዕሰ መምህሯን ባለመጠቆማቸው ጥፋተኛ አላቸው። ሁለት ዓመት አመክሮና 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈረደባቸው። መምህሩ በ2013 ጥፋተኛ ተብሎ ከ75 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያችን እናት አስቧት። ልጇን ሰማች፣ አመነቻት፣ ይዛት ሄደች፣ ለትምህርት ቤቱ የበላይ ተናገረች። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ከዚህ ግማሹን እንኳ አናደርግም። ሆኖም ነገሩ ከቢሮው ግድግዳ አልወጣም። ርዕሰ መምህሯም ክፉ ሰው ስለነበሩ አይመስለኝም። የሚያውቁትን መምህር አመኑ። ሕጉ ግን እንዲያምኑም እንዲያጣሩም አልጠየቃቸውም፤ ስልክ እንዲያነሱ ብቻ ነው የጠየቃቸው።

ሕጉ እንዲህ ነው። በካሊፎርኒያ መምህር፣ ርዕሰ መምህር፣ አማካሪ፣ ሌላው ቀርቶ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር እንኳ በሕግ የመጠቆም ግዴታ አለበት፤ «ማንዴትድ ሪፖርተር» የሚባለው ይህ ነው። በሕፃን ላይ ጥቃት ደርሷል ብሎ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካደረበት ወዲያው ለፖሊስ ወይም ለካውንቲው የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት መደወል፣ በ36 ሰዓት ውስጥም በጽሑፍ ማስገባት አለበት። ለአለቃው መንገሩ ከግዴታው አያድነውም። አለቃውም እንዳይጠቁም ሊከለክለው አይችልም። ያልጠቆመ እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በ2014 የወጣ ሕግ ደግሞ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ሁሉ ስለዚህ ግዴታ በየዓመቱ እንዲሠለጥን ያዛል። ወላጁ ግን ይህን ሁሉ ሰንሰለት መጠበቅ የለበትም። አዋቂ ሰው ልጁን እንደነካበት የሰማ ወላጅ ከርዕሰ መምህሩ በፊት ለፖሊስ መደወል ይችላል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ይገባዋልም። 911 ደውሎ «አምሃሪክ» የምትለዋን አንዲት ቃል ተናግሮ መጠበቅ ነው፤ አስተርጓሚ በስልክ ይገናኛል። ደግሞ ልጁን ደጋግሞ መጠየቅ አያስፈልግም። ሠልጥኖ የሚጠይቅ ባለሙያ አለ። እኛ በደነገጠ ድምፅ በጠየቅን ቁጥር ልጁ መልሱን እኛ ወደምንፈልገው ይወስደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። «ሪፖርት አድርጉ» ሲባል የኛ ሰው ፊቱ የሚጠቁረው ለምንድን ነው? ስለማይገባው አይመስለኝም። ቃሉ ታሪክ ስላለው ነው። በ1977 እና 78 በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ ገብቶ የጎረቤቱን ልጅ ያስመዘገበ ሰው ያደረገው «ሪፖርት» ነበር። ከዚያም ወዲህ አንድ ለአምስት እየተባለ ማን ማንን እንደሚያዳምጥ ሳይታወቅ ተኖሯል። ጆሮ ጠቢ መባልን የመሰለ ስድብ በቋንቋችን ጥቂት ነው። ልጆቻችንም እዚህ ከእኩዮቻቸው ተመሳሳይ ቃል ይሰማሉ፤ የተናገረ «ስኒች» ነው። ስለዚህ ቤት ያለው ትውልድና ትምህርት ቤት ያለው ትውልድ በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ተማምሏል፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ነገር ግን ካድሬው የሚጠቁመው ደካማውን ለጉልበተኛው አሳልፎ ለመስጠት ነበር። ለተመታ ልጅ አቤት ማለት የዚያ ተቃራኒ ነው። እንዲያውም የራሳችን ቃል አለን። አባቶቻችን ለአቤቱታ ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት ዓመታት ሲመላለሱ «ሪፖርት አደረጉ» አልተባሉም፤ አቤት አሉ እንጂ። ለልጆቹም ስናስረዳ ይህን ብንጠቀም ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላው የዝምታ ምንጭ ሲፒኤስ ነው። «ሶሻል ወርከር መጥታ ልጆቹን ትወስዳለች» የሚለው ወሬ በየቡናው ላይ አለ። ነገሩን እንዳለ ማወቅ ይበጃል። ያው ልጁን ከመምህር የሚጠብቀው ሕግ ልጁን ከእኛም ይጠብቃል። ካሊፎርኒያ በትምህርት ቤት ዱላን ያስቀረችው በ1986 ነው። የእኛም የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆን ደንግጓል፤ እዚያ የተማርን ሁሉ በአለንጋና በዘነዘና የምናስታውሰው ሌላ ታሪክ ቢሆንም። ቤት ውስጥስ? የካሊፎርኒያ ሕግ ከባድ ጉዳት ያላደረሰን፣ ለዕድሜው የሚመጥንን በመቀመጫ ላይ የተደረገ ቀላል ምት ብቻውን ጥቃት አይለውም። ቀበቶ፣ ገመድ፣ ሰንበር የተወ ምት ግን ሌላ ነገር ነው፤ መምህሩ ሰንበሩን አይቶ ዝም ቢል እሱ ነው የሚከሰሰው። ደውሎ ከሆነም ጠላት ሆኖ አይደለም። የጠቆመው ማን እንደሆነ ለወላጅ አይነገርም፤ ማን እንደሆነ ለማወቅ ልጅን መመርመር ነገሩን ያባብሰዋል። በእኔ እምነት ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚደርስባቸውን የማይነግሩን አንዱ ምክንያት ቤት ውስጥ ለጥፋትም ለመጠቃትም የምንሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ቁጣ ስለሆነ ነው።

ወደ መጸዳጃ ቤቱ ልጅ ልመለስ። ይህ የተማሪዎች ጉልበተኝነት ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ «ዩኒፎርም ኮምፕሌይንት ፕሮሲጀር» የሚባል ወጥ የአቤቱታ ሥርዓት አለ። ልጁ የተጠቃው በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በትውልድ አገሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በአካል ጉዳቱ ወይም በሕግ በተጠበቀ ሌላ ማንነቱ ከሆነ አቤቱታው በዚህ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ወላጆች የሚሳሳቱት። «ልጄን መቱት» ብለው ይጽፋሉ። ሲመቱት ምን እያሉ ነበር? በስሙ ቀልደዋል? «ወደ አፍሪካህ ተመለስ» ብለዋል? ሂጃቧን ጎትተዋል? ያ ቃል አቤቱታው ውስጥ መግባት አለበት፤ ተራ ጠብ የነበረው ጉዳይ የመድልዎ ጉዳይ የሚሆነው በእሱ ነው። የእኛ ልጅ ሲጠየቅ እያፈረ የነገረን ቅጽል ስም ነበረው፤ ቃል በቃል ጻፍነው።

አቤቱታው ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከታወቀ ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ዲስትሪክቱ በ60 ቀን ውስጥ መርምሮ በጽሑፍ ይወስናል፤ ቅር ያለው በ30 ቀን ውስጥ ለካሊፎርኒያ የትምህርት መሥሪያ ቤት ይግባኝ ይላል። አቤት ባዩን መበቀል የተከለከለ ነው። ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሴዝ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጥቃት በዓይኑ ያየ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ለራሱ አደጋ ከሌለው ወዲያው ጣልቃ እንዲገባ ያስገድዳል። መጸዳጃ ቤቱ ራሱ ቢቆለፍ፣ ቢሰበር፣ መጽሐፍ ቢጠፋ፣ ቋሚ መምህር ባይመደብ ሌላ አጭር መንገድ አለ። በ2000 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተከፍቶ በ2004 በስምምነት ያለቀው የዊሊያምስ ክስ ያመጣው አቤቱታ ነው፤ ማስታወቂያው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ስም ሳይጻፍም ይቀርባል፣ በ30 የሥራ ቀን ውስጥም መስተካከል አለበት። እስቲ ልጆቻችሁን ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀት። የአፍ ንግግር እዚህ አገር እንደ ጤዛ ነው። ከስብሰባ በኋላ በዚያው ቀን «ዛሬ የተነጋገርነው ይህ ነው፣ ቃል የገባችሁልኝ ይህ ነው» የሚል ሦስት መስመር ኢሜይል መላክ የግማሽ ጠበቃ ያህል ነው። ወላጅ የልጁን መዝገብ ማየት ይችላል። የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ 45 ቀን ሲሰጥ ካሊፎርኒያ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያሳዩ ታዛለች። «የምታነሳው ስጋት የለም» የምትለውን መስመር ያገኘናት እንዲህ ነው፤ ከጎኗም የእናቲቱን የእርማት ቃል አስገባን። ይኸው ሕግ የሌላውን ልጅ ምስጢርም ስለሚጠብቅ፣ የመቱትን ልጆች ምን አደረጋችኋቸው ብላችሁ ብትጠይቁ አይነግሯችሁም። ብዙ ወላጅ «ምንም አላደረጉም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ልትጠይቁ የሚገባው ስለ ራሳችሁ ልጅ ነው፦ ነገ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ማን ያየዋል? ለማን ይናገራል?

«መልሰህ ምታ» የሚሉ አባቶች አሉ። ወንድነት ነው ይላሉ። በመስከረም 2012 የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ቢሮና የኦክላንድ ዲስትሪክት የተፈራረሙት ስምምነት ስለ ምን እንደነበር ቢያውቁ እንዲህ የሚመክሩ አይመስለኝም። ጥቁር ተማሪዎች ከሌሎች በበለጠ ከትምህርት ይታገዱ ስለነበር ነው። በትምህርት ቤቱ መዝገብ የኛ ልጅ ጥቁር ነው። «እኛ ኢትዮጵያውያን ነን እኮ» ማለት ከእገዳ አያድነውም፤ የመታውም የመለሰውም እኩል ሊታገዱ ይችላሉ። ይህን ስንል ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች የምንናገረውን ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይዘውት እንደሚሄዱ አንርሳ። ጠቡ አንዳንዴ ከዚያ ይጀምራል።

ኦክላንድ ከእገዳ ይልቅ ሌላ መንገድ ሞክራለች። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮል በተባለ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጀመረው የዕርቀ ፍትሕ አሠራር ልጆቹን ክብ ሠርተው ያስቀምጣል፤ ማን ተጎዳ፣ ጉዳቱ በምን ይጠገን ተብሎ ይነጋገራሉ። የኛ ሰው ሲሰማ «ይህማ ሽምግልና ነው!» ይላል። ይመስላል። ለዚህም ነው ጥንቃቄ የምመክረው። ሽምግልናችን ጥበብ አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን የተበደለውን «ይቅር በል፣ እግሩን አታስወድቅ» እያለ ያስጨንቃል። ትምህርት ቤቱ ክቡን ሲያቀርብ ልጅህ በፈቃዱ የሚገባበት እንጂ የሚገደድበት እንዳልሆነ ጠይቅ። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነማ ሽምግልናም ክብም ቦታ የለውም።

ስለ መሣሪያ በአጭሩ። በመስከረም 28 ቀን 2022 ኦክላንድ ውስጥ ኪንግ ኢስቴትስ በተባለው ግቢ በተከፈተ ተኩስ ስድስት ሰዎች ቆስለው አንዱ በኋላ ሞተ። በዚያ ግቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ለአዲስ መጤ ወጣቶች የተቋቋመው ራድስዴል ኒውካመር ነበር። ኦክላንድ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ 2020፣ የራሷን የትምህርት ቤት ፖሊስ አፍርሳለች። ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር አላለቀም፤ በዚያች ከተማ አዲስም አይደለም። በ1973 የትምህርት ዲስትሪክቱ ኃላፊ ማርከስ ፎስተር የተገደሉት በትምህርት ቤት ጥበቃና በተማሪ መታወቂያ ውዝግብ ሰበብ ነው። ለወላጅ የሚጠቅመው ግን በ2022 የወጣው ሕግ ነው። የትምህርት ቤት ሠራተኛ የግድያ ዛቻ መኖሩን ካወቀ ወዲያው ለፖሊስ መናገር አለበት። ልጃችሁ በስልኩ ላይ የዛቻ መልእክት ቢያሳያችሁ እንዳይሰርዘው አድርጉና ደውሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ወረቀት የሌለው ወላጅስ? የ1982ቱ የፕላይለር ፍርድ የልጁን የመማር መብት ከወላጁ ወረቀት ለይቶታል። በካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ ትምህርት ቤት ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ መረጃ መሰብሰብ አይችልም። በጥር 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ከኢሚግሬሽን ፖሊስ ከልሎ የነበረውን መመሪያ ሲያነሳ ክፍለ ግዛቷ በዚያው ዓመት መስከረም የዳኛ ማዘዣ ሳይኖር ለሕዝብ ክፍት ወዳልሆነው የግቢው ክፍል እንዳይገቡ በሕግ መለሰች። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። አቤቱታው ላይ ግን የሚሞላው የልጁ ስም፣ ቀኑና የሆነው ነገር ነው፤ ስለ ቪዛ የሚጠይቅ መስመር የለም።

የዚያች እህት ጉዳይ ውሳኔው በ60 ቀኑ ዳርቻ ላይ መጣ። ሁለት ገጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ። አንዱ አቤቱታ ተረጋግጧል፣ ሌላው በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም ይላል። ልጁ በዕረፍት ሰዓት የሚጠቀምበት መጸዳጃ ቤት ተቀየረ፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚያነጋግረው አማካሪ ተመደበለት። ውሳኔውን ለማስረዳት በተጠራው ስብሰባ ላይ እኔ አልገባሁም፤ ልጁም ውጭ ተቀመጠ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ ከየትኛው ክፍለ ግዛት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። «ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ፣ የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ» ብላ ጀመረች። እህታችን የአገሯን ድምፅ ስትሰማ ርዕሰ መምህሩን ረስታ «እግዜር ይስጥልኝ የኔ እናት፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ አስተርጓሚዋ ቃል በገባችው መሠረት ጥያቄውን ለርዕሰ መምህሩ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላቸው።